ኮሎ ቱሬ እንዴት ተከላካይ ሆነ? ታሪኩን የምታውቁ እስቲ አጫውቱኝ

ወንድም ጋሼ

ጤና ይስጥልኝ የኳስ ወዳጆች። ነገሩ የቤታችን ጉዳይ ነው፤ ግን መልሱ እናንተ ጋ ያለ ስለመሰለኝ መጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። የሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ይጫወታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አማካይ ነው፤ 8 ቁጥር ለብሶ ነው ያደገው። ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙ ጠርቶ "ከዛሬ ጀምሮ መሃል ተከላካይ ነህ" አለው። ምክንያቱን አልነገረውም፤ ወይም ነግሮት እሱ አልሰማም። ማታ ቤት ሲገባ ታኬታውን ጭቃው ሳይራገፍ አልጋ ስር ወርውሮ ጋደም አለ። እራት ሲቀርብ አልነሳም አለ። እማዬ ያመመው መስሏት ግንባሩን ትዳብሰው ነበር።

በማግስቱ ስናወራ "ወደ ኋላ የሚወስዱኝ ኳስ አትችልም ለማለት ነው" አለኝ። ለእሱ ተከላካይ ማለት ሌላ ቦታ ላይ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው። ጭራሽ ፕሮጀክቱን እተወዋለሁ ይላል።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ቶሎ አፌ ላይ የመጣው የቀድሞው ተጫዋቻችን፣ የአይቮሪኮስቱ ኮሎ ቱሬ ነው። "ኮሎ ቱሬ እኮ አማካይ ነበር፤ ተከላካይ ሆኖ ነው ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላው" አልኩት። እሱ ግን "መቼ ተቀየረ? ስንት ዓመቱ ነበር? ማን ቀየረው?" ብሎ አፋጠጠኝና ዝም አልኩ። ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው 28 ቁጥር ማሊያውንና ሳቁን ብቻ ነው። የተሳሳተ ነገር ልነግረው አልፈልግም፤ ይህ ልጅ አንዴ ካወቀብኝ ሁለተኛ አያምነኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታውቁ ንገሩኝ። ጥሩውን ብቻ ሳይሆን መጥፎውንም።

ሃይበሪ ናፋቂ

ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው የመረጥክለት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብህ።

ኮሎ አርሰናል የገባው በ2002 መጀመሪያ ላይ ነው፣ 21 ሊሞላው ሲል። የመጣው ከአቢጃኑ ክለብ፣ ከአሴክ ሚሞዛ ነው። የተከፈለበት 150 ሺህ ፓውንድ ነው። ልድገመው፣ 150 ሺህ። በዚያ ዘመን እንኳ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ሳንቲም ነበር።

ለሙከራ የመጣበትን ቀን የያኔው የአርሰናል አማካይ ሬይ ፓርለር ሲያወራው ሰምታችሁ ይሆናል። ልምምድ ላይ መጀመሪያ ቲየሪ ሆንሪን በሸርተቴ ጣለው። አሰልጣኙ ቬንገር ቀስ በል አሉት። ትንሽ ቆይቶ ቤርካምፕን ጣለ። በመጨረሻ ኳሷ ተንከባልላ ወደ ራሳቸው ወደ ቬንገር ስትሄድ ልጁ ኳሷን እንጂ ሰውየውን አላየም፤ ተወርውሮ አሰልጣኙን ጠለፋቸው። ቬንገር ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በረዶ ይዘው ተቀመጡ። ኮሎ ዕድሌን በገዛ እጄ አበላሸሁ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር ይላል ፓርለር። ሰውየው ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዷ ኳስ የሚሞት ልጅ አዩና አስፈረሙት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ቦታ አልነበረውም። አንዴ አማካይ፣ አንዴ ቀኝ ተከላካይ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ተቀይሮ የሚገባ ሰው ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2002 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲ 1 ለ 0 ሲመራ፣ ቪየራ በቀይ ወጥቶ አርሰናል በ10 ሰው ሲጫወት፣ ኮሎ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባና የአቻነቷን ጎል አገባ። እንዲህ ያለውን ልጅ "አማካይ ነው" ብሎ መተው ቀላል ነበር።

ቬንገር ግን ለ2003/04 ቡድኑን ሲያዘጋጁ ከመሃል ተከላካዩ ከሶል ካምፕቤል ጎን አቆሙት። 22 ዓመቱ ነበር። ከነባሮቹ ተከላካዮች ቶኒ አዳምስ ጫማ ከሰቀለ አንድ ዓመት አልፎታል፣ ማርቲን ኪዮን 37 ደርሷል። ቦታው ሰው ይፈልግ ነበር፣ ኮሎም እሺ አለ። የዚያን ዓመት ከ38ቱ የሊግ ጨዋታ 37ቱን ተጫወተ። አርሰናል 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ የገባበት ጎል 26 ብቻ። ሽንፈት የለም።

ለምን እንደሠራ ልንገርህ፤ እኔ የዚያን ዓመት አንድም ጨዋታ አላለፈኝም። ካምፕቤል ግንብ ነበር፣ ግን ዞሮ ለመሮጥ ጊዜ ይፈጅበታል። ኮሎ ደግሞ ከኋላው የተጣለችን ኳስ ሁሉ ሮጦ ይደርስባታል። አጥቂው "አለፍኩ" ብሎ ቀና ሲል ኮሎ አጠገቡ ነው። ኳሷን ሲነጥቅም ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይለጋትም፤ የአማካይ እግር ስላለው ለቪየራ ወይ ለጂልቤርቶ በእግሩ ላይ ያደርስለታል። አማካይነቱ አልጠፋም፣ ወደ ኋላ ይዞት ሄደ እንጂ።

ለወንድምህ ይቺንም ጨምርለት። በቀኝ በኩል የነበረው ካሜሩናዊው ሎረንም በአማካይነት ያደገ ሰው ነው። ከአራቱ ተከላካዮች ሁለቱ ከመሃል ሜዳ የመጡ ነበሩ ማለት ነው።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ላብቃ። ኤፕሪል 19 ቀን 2006፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከቪያሪያል ጋር። የአርሰናል የድሮ ሜዳ ሃይበሪ ሊፈርስ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ የአውሮፓ ጨዋታ ከዚያ በኋላ የለም። 1 ለ 0 አሸነፍን። ያቺን ጎል ያገባው ተከላካዩ ነው፣ ኮሎ። ሃይበሪ ላይ የገባች የመጨረሻዋ የአውሮፓ ውድድር ጎል የእሱ ናት። እኔ ያንን ቀን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፣ መቀመጫ አልነበረም።

ኮች ከሜዳ ዳር

ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የወንድምህ ነገር በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነው።

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ ግን የኮሎ ታሪክ ከለንደን አይጀምርም። የተወለደው አይቮሪኮስት ውስጥ ቡዋኬ ነው፣ በ1981። አቢጃን ላይ ዣን ማርክ ጊዩ የሚባል የቀድሞ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አማካይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአሴክ ጋር አካዳሚ ከፈተ። ጥቂት ልጆች ይመርጣል፤ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ይሠለጥናሉ። ሲጀምሩ በባዶ እግራቸው ነው የሚጫወቱት። ኳሷን እግርህ ቆዳ ላይ ካልተሰማህ አታውቃትም ነው ነገሩ። የኮሎ ወንድም ያያም የዚያው ፍሬ ነው። ዞኮራ፣ ኢቡዌ፣ አሩና ዲንዳን፣ ሰሎሞን ካሉ፣ ጀርቪኒዮ፣ ሁሉም ከዚያ ቤት ወጡ።

አሴክ በ1998 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን በላ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ተሸጠው ሄዱ። በ1999 የአፍሪካ ሱፐር ካፕ ሲመጣ ከቱኒዚያው ኤስፔራንስ ጋር ነው። ጊዩ የአካዳሚውን ልጆች አሰለፈ። አስቡት፣ አቢጃን ውስጥ በሕዝባቸው ፊት፣ ገና ታዳጊ ልጆች። ኮሎ 17 ዓመቱ ነበር። በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፉ።

ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ፣ እዚያ ቤት ያደገ ልጅ "እኔ የዚህ ቦታ ሰው ነኝ" ብሎ አልነበረም የሚያድገው። መጀመሪያ ኳስ ይማራል። ቦታው በኋላ ይመጣል። ለዚህ ነው ኮሎ ቀኝ ሲሉት ቀኝ፣ መሃል ሲሉት መሃል፣ ኋላ ሲሉት ኋላ ሊጫወት የቻለው።

አሁን ስለ ወንድምህ። አማካይ የነበረ ልጅ ወደ ኋላ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳሳተው ምን እንደሆነ ልንገርህ። አማካይ ሆኖ ዙሪያውን ሁሉ ሰው ስለሚከበው ኳሷን መከተል ለምዷል። ተከላካይ ሲሆን ግን ኳሷን እያየ ከጀርባው ያለውን አጥቂ ይረሳል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጄን እንዲህ አድርጌ ወደ ኋላ ወሰድኩት። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ጎል በእሱ በኩል ገባ፤ ሁለቱም ጊዜ አጥቂው ከጀርባው ነው የወጣው፣ እሱ ኳሷን እያየ ነበር። ተቀምጦ አለቀሰ። በሦስተኛው ወር ሜዳው ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚያወራው እሱ ሆነ። ከኋላ ሆኖ ሁሉንም ያያላ።

ወንድምህ አሰልጣኙን "ለምን?" ብሎ ይጠይቀው። በጨዋ ደንብ፣ ከልምምድ በኋላ፣ ለብቻው። እኔ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝን ልጅ እወደዋለሁ። መልስ የሌለው አሰልጣኝ ከሆነ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሚዛን

የሁላችሁንም አነበብኩ። ደስ ይላል። ግን ለልጁ ስትነግሩት ግማሹን እንዳታስቀሩበት።

ኮሎ አርሰናል የደረሰው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጊዩና ቬንገር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ በ1980ዎቹ ካን በሚባለው የፈረንሳይ ክለብ ጊዩ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ቬንገር ምክትሉ ነበሩ። ስለዚህ አቢጃን ያለ ልጅ ስሙ ለንደን የሚደርስበት መንገድ ነበረው። ቡዋኬ ውስጥ እንደ እሱ የሚሮጥ፣ እንደ እሱ የሚዋጋ ሌላ ልጅ አልነበረም አትበሉኝ። ያኛውን ግን የሚያስተዋውቀው አላገኘም።

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። "ተከላካይ ከሆንክ እንደ ኮሎ ትሆናለህ" ብላችሁ ቃል አትግቡለት ነው የምለው። ልጅ ቃል አይረሳም። "ተከላካይ መሆን ውርደት አይደለም፣ እነሆ ምስክሩ" በሉት። እሱ ይበቃል።

አንፊልድ ጥግ

መጥፎውንም ንገሩኝ ስላልክ እኔ ልናገር። የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ ኮሎን ያገኘነው መጨረሻው አካባቢ ነው።

አርሰናልን በ2009 ለቆ ማንቸስተር ሲቲ ገባ፣ ወደ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት። በ150 ሺህ የመጣውን ልጅ አስታውሱ። ሲቲ ሲደርስ ማርክ ሂዩዝ አምበል አደረጉት። ማንቺኒ ሲመጡ አምበልነቱ ወደ ቴቬዝ ሄደ። በ2011 ደግሞ ከምርመራ የተከለከለ ነገር ተገኘበት። ክብደቱን ለመቆጣጠር ብሎ ሚስቱ የምትወስደውን የክብደት መቀነሻ ክኒን ወስዶ ነበር። ጉልበት ለመጨመር እንዳልሆነ ተቀበሉለት፤ ቅጣቱ ግን አልቀረም፣ ስድስት ወር። ሠላሳ ዓመት የሞላው ተከላካይ ስድስት ወር ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ኮች ከላይ ሊነግራችሁ ይችላል። ተመልሶ መጣና በ2012 ሲቲ ሊጉን ሲበላ ሜዳሊያውን ወሰደ።

በ2013 በነጻ ወደ እኛ መጣ። ፌብሩዋሪ 2014ን መቼም አልረሳውም። ዌስትብሮም ላይ 1 ለ 0 እየመራን ኮሎ በገዛ ሳጥናችን ፊት ለፊት ኳሷን አግድም ሲሰጥ ቀጥታ አኒቼቤ እግር ላይ ጣላት። 1 ለ 1 አለቀ። በዚያው ወር ፉልሃም ላይ ደግሞ ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላ በራሳችን ጎል ላይ አገባት፤ ደግነቱ 3 ለ 2 አሸነፍን። የዚያን ዓመት ዋንጫውን በሁለት ነጥብ አጣነው። እኔ ያኔ በጣም ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም።

ግን ይሄን ደግሞ ስሙ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2016፣ አስቶን ቪላን 6 ለ 0 ስናሸንፍ ስድስተኛዋን ያገባት ኮሎ ነው። 34 ዓመቱ ነበር። በሊቨርፑል ማሊያ ያገባት ብቸኛ ጎል ናት። አምስት ጎል ቀድሞ ገብቷል፣ ጨዋታው አልቋል፣ ሰውየው ግን የፍጻሜ ጎል እንዳገባ ሰው ነበር የሆነው። ጓደኞቹ ሁሉ እየሳቁ ላዩ ላይ ወጡበት። ቁጣዬ የዚያን ቀን ነው የወጣልኝ። በሜይ ደግሞ ባዝል ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቋሚ ተሰለፈ። 3 ለ 1 በሲቪያ ተሸነፍን፤ ቋሚ ተሰላፊ መሆኑ ግን በቂ ምስክር ነው።

ከእኛ ወደ ሴልቲክ ሄደ። በ2016/17 ሴልቲክ የስኮትላንድን ሊግ 34 አሸንፎ 4 አቻ ወጥቶ ሳይሸነፍ ጨረሰ። ኮሎ ብዙ ባይሰለፍም የቡድኑ ሰው ነበር። በእንግሊዝም በስኮትላንድም ሳይሸነፍ ሊግ የበላ ሰው ነው። ከዚያ ጫማውን ሰቀለና ወደ ስልጠና ገባ። የሌስተር ምክትል አሰልጣኝ ሆኖ የ2021ን ኤፍኤ ካፕ አየ። በ2022 መጨረሻ ዊጋንን በዋና አሰልጣኝነት ያዘ፤ ዘጠኝ ጨዋታ፣ አንድም ድል የለም፣ ተሰናበተ። ይሄም የታሪኩ ክፍል ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ወዳጅ

ሁላችሁም ክለብ ክለብ ትላላችሁ። ልጁ ማወቅ ያለበት የብሔራዊ ቡድኑን ነው። 120 ጊዜ ለአይቮሪኮስት የተሰለፈ ሰው ነው።

በ2006 ካይሮ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በግብጽ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በ2012 ሊብረቪል ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሱ፣ ከዛምቢያ ጋር። በዚያ ውድድር አይቮሪኮስት አንድም ጎል አልገባባትም። ከምድብ እስከ ፍጻሜ አንድም። ተከላካይ ከዚህ በላይ ምን ሊሠራ ይችላል? 0 ለ 0 አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ሁሉም እያገባ መጥቶ ተራው ኮሎ ጋ ደረሰ። መታ፣ የዛምቢያው በረኛ ምዌኔ አዳነበት። ከእሱ በኋላ ዛምቢያዊው ካላባ ሳተ፣ ጀርቪኒዮም ሳተ፣ ሱንዙ አገባና 8 ለ 7 ዛምቢያ በላች። ውድድሩን በሙሉ ጎሉን ጠብቆ መጨረሻ ላይ በገዛ እግሩ መሳት። እኔ ያን ሌሊት ለእሱ ነው ያዘንኩት።

በ2014 ብራዚል ላይ የዓለም ዋንጫ እየተጫወቱ ሳለ ታናሽ ወንድማቸው ኢብራሂም ማንቸስተር ውስጥ በካንሰር ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር፣ እሱም ኳስ ተጫዋች። ኮሎና ያያ ቡድኑን ትተው አልሄዱም። ከአምስት ቀን በኋላ በግሪክ በባከነ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈው ወጡ።

አሁን 2015። ባታ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ፌብሩዋሪ 8። ተጋጣሚ ጋና። አሰልጣኙ ኤርቬ ሬናርድ፤ በ2012 ዛምቢያን ይዞ እነ ኮሎን ያስለቀሰው ያው ሰው። ኮሎ 33 ዓመቱ ነው፣ አጠገቡ 20 ዓመት የሆነው ኤሪክ ባይ አለ። እንደገና 0 ለ 0። እንደገና ፍጹም ቅጣት ምት። አይቮሪኮስት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳተች። አምስቱ መቺዎች አልቀው አሁንም እኩል ናቸው። ከዚያ ኮሎ ከመሃል ሜዳ ተነስቶ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን የሊብረቪሏን ኳስ በልቡ ተሸክሞ ነው የመጣው። አገባት። በመጨረሻ በረኛው ባሪ የጋናውን በረኛ አድኖበት ራሱ አገባና 9 ለ 8 አለቀ። አይቮሪኮስት ከ1992 በኋላ የመጀመሪያዋ ዋንጫ። ኮሎም ከብሔራዊ ቡድኑ በዚያው ተሰናበተ።

ወንድም ጋሼ

ጋሾቼ፣ እጃችሁን እግዜር ይባርከው። ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩለት። የሃይበሪን ጎል በስልኬ አየነው። ቬንገርን የጠለፈበት ላይ ሳቀ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። የዌስትብሮሙ ላይ ግን ዝም አለና "ከዚያ በኋላ አሰለፉት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ስለ 2012ና 2015 ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ሚዛን፣ ምክርህን ሰምቻለሁ። ምንም ቃል አልገባሁለትም።

ትናንት ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙን ጠየቀው። መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ "ኳስ ይዘህ ቀና ብለህ የምታይ አንተ ብቻ ነህ፣ ከኋላ የሚያስጀምርልኝ ሰው የለኝም።" ልጁ ይህን ሲነግረኝ ታኬታውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያጸዳ ነበር።

ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ኮች፣ ያቺን ከጀርባ ያለውን አጥቂ የመርሳቷን ነገር ደጃችን ላይ የምንለማመድበት መላ ካለ ንገሩን። ሜዳ የለንም፣ ግቢው ትንሽ ናት።

ኮች ከሜዳ ዳር

ትንሽ ግቢ ይበቃል። ሦስት ሰው ሁኑ። አንተ ስድስት ሰባት እርምጃ ርቀህ ኳስ ትሰጠዋለህ። ሌላ የሰፈር ልጅ ከጀርባው ቆሞ ጣቶቹን ያወጣል፤ አንዴ ሁለት፣ አንዴ አራት። ወንድምህ ኳሷ እግሩ ሳትደርስ በትከሻው ዞር ብሎ አይቶ ስንት ጣት እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገር፣ ከዚያ ይቀበል። የመጀመሪያ ቀን ወይ ቁጥሩን ወይ ኳሷን ይስታል። አትቆጣው። ሲለምደው የኋላው ልጅ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እየሄደ ይቁም። በቀን ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ በላይ አታድርጉት፣ ይሰለቸዋል።

ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ እዚሁ ጻፍልን።